ቀይ ቀበሮ በሌላ እንስሳ ስም፦ ከአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ እንዴት ተነሣ

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ከሰባተኛ እስከ አሥረኛ ክፍል ያሉ ልጆች የሚሳተፉበት የተፈጥሮ ክበብ አለ። የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ክበቡን የምከታተለው እኔ ነኝ። አባላቱ አንድ ሙሉ መንፈቅ ደክመው የአገራችንን የዱር እንስሳት የሚያሳይ ትልቅ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። 24 ሥዕሎች ነበሩት፤ በእያንዳንዱ ሥዕል ሥር የአማርኛ ስም፣ ሳይንሳዊ ስምና ሁለት መስመር ማብራሪያ ሰፍሯል። ወላጆች ገንዘብ አዋጡ፣ ማተሚያ ቤት ገባ፣ በቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መጣና «ቲቸር፣ ቀይ ቀበሮ ተብሎ የተለጠፈው ቀይ ቀበሮ አይደለም» አለኝ። ልጁ የክበቡ አባል አልነበረም። አያቱ ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ስለሚኖሩ ክረምቱን እዚያ ያሳልፋል፤ እንስሳውን በዓይኑ አይቶታል። «የባሌው የጭራው ጫፍ ጥቁር ነው፤ የዚህ ነጭ ነው። የባሌው እግሩ ረጃጅም ነው፤ አፉም ሾጠጥ ያለ ነው» ብሎ ዘረዘረልኝ።

አብረን ሄደን አየን። ልጁ ልክ ነበር። በሥዕሉ ላይ ያለው አውሮፓ፣ እስያና ሰሜን አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚኖረው፣ በአፍሪካ ግን በሰሜኑ ክፍል ብቻ የሚገኘው ቀበሮ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የለም። ከሥዕሉ ሥር የሰፈረው ሳይንሳዊ ስምም የዚያው የውጭ ቀበሮ ነው፦ ቩልፔስ ቩልፔስ። ማብራሪያው ደግሞ «በዓለም ላይ በሰፊው የሚገኝ፣ የመጥፋት ሥጋት የሌለበት እንስሳ» ይላል።

ይህ ሦስተኛው መስመር ነው በጣም ያሳዘነኝ። እውነተኛው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በስተቀር በየትም አገር የማይገኝ፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 የማይበልጡ፣ በዓለም ካሉ እጅግ ብርቅ የውሻ ዘመዶች አንዱ የሆነው እንስሳ ነው። በአንድ የስም ስህተት ምክንያት የትምህርት ቤታችን ልጆች ሥጋት የለበትም ብለው ሊያድጉ ነበር። ሠንጠረዡ ከመታተሙ በፊት የመረመርኩት እኔ ነኝ። ያየሁት ግን የፊደል ግድፈትን ብቻ ነበር።

ስህተቱ የገባበት በር

ያንን ረድፍ ያዘጋጀችውን ተማሪ እንዴት እንደሠራችው ጠየቅኳት። ሳትደብቅ ነገረችኝ። «ቀይ ቀበሮ» የሚለውን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ያንን ስልኳ ላይ ጻፈችው፤ ከመጣው መልስ ሥዕሉን፣ ሳይንሳዊ ስሙንና ማብራሪያውን ወሰደች። ሰነፍ ልጅ አይደለችም። ሥዕሉን ከስሙ፣ ስሙን ከማብራሪያው አመሳክራለች። ሦስቱም እርስ በርስ ይስማማሉ። የማይስማማው የላይኛው የአማርኛ ስም ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ በትርጉም «ልክ» ነው።

የዚህ ጉዳይ ዋና ነጥብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀይ ማለት ቀይ ነው፤ ቀበሮም ቀበሮ ነው። እያንዳንዱ ቃል በትክክል ተተርጉሟል፤ ድምሩ ግን ሌላ እንስሳ ሆነ። ምክንያቱም የአማርኛው «ቀበሮ» እንግሊዝኛው ፎክስና ጃካል ብሎ በሁለት ስሞች የሚለያያቸውን እንስሳት በአንድነት የሚጠራ ሰፊ ቃል ነው። አንድ የደጋ ገበሬ ቀበሮ ሲል በግና ዶሮ የሚነጥቀውን፣ ከውሻ ያነሰውን፣ ሌሊት የሚጮኸውን እንስሳ ማለቱ ነው። ለእሱ ኑሮ የሚበቃው መለያ ያ ነው። የሥነ እንስሳት ሊቅ የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ እንስሳ ከማን ጋር የቅርብ አያት ይጋራል?

ለክበቡ አባላት ይህን ያስረዳሁት የእንስሳውን ሙሉ «አድራሻ» በሰሌዳ ላይ በመጻፍ ነው። የምደባ እርከኖች ከሰፊው ወደ ጠባቡ ይወርዳሉ፦ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። ልጆቹ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር፣ ፋሚሊ፣ ጂነስ፣ ስፒሺስ እያሉ ነው የሚያውቋቸው፤ ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አደረግናቸው። የእኛው ቀይ ቀበሮና የአውሮፓው ቀበሮ ሁለቱም እንስሳ ናቸው፤ ሁለቱም የጀርባ አጥንት አላቸው፤ ሁለቱም አጥቢ፣ ሁለቱም ሥጋ በል፣ ሁለቱም በውሻ አስተኔ፣ በካኒዴ፣ ውስጥ ናቸው። የሚለያዩት በወገን ላይ ነው። የአውሮፓው ቩልፔስ ውስጥ ነው። የእኛው ካኒስ ውስጥ ነው፤ ካኒስ ደግሞ ውሻን፣ ግራጫውን ተኩላና የሰሜን አሜሪካውን ካዮቲ የያዘ ወገን ነው። ከወገን ላይ መለያየት ማለት በክሮሞሶም ቁጥር እንኳ መራራቅ ማለት ሊሆን ይችላል፦ ውሻና ግራጫ ተኩላ 78 ክሮሞሶም አላቸው፤ የአውሮፓው ቀበሮ 34 እና ጥቂት ጥቃቅን ተጨማሪዎች ብቻ። ባሌ ውስጥ በዌብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮና የገጠር ውሻ ተዳቅለው ተገኝተዋል። ከቩልፔስ ጋር ይህ አይሆንም።

አንዲት ልጅ «መልካቸው ግን ይመሳሰላል» አለች። እውነት ነው፤ ለዚህም ነው መልክ ብቻውን የማይበቃው። ጅብን የሚያይ ሰው ከውሻ ጋር ያዘምደዋል፤ ግን ጅብ በሥጋ በሎች ክፍለ መደብ ውስጥ ከድመት ጋር በአንድ ጎራ ያለ ነው። ሽኮኮን የሚያይ ከጥንቸል ወይም ከአይጥ ጋር ያዘምደዋል፤ የቅርብ ዘመዱ ግን ዝሆን ነው። የራሳችን ቋንቋም የሌሊት ወፍ የምንላትን ከወፍ ደምሯታል፤ እሷ ግን ልጇን ጡት የምታጠባ አጥቢ ናት።

የመጀመሪያው ሙከራችን

መጀመሪያ ያደረግነው ስሙን በሌላ ስም መተካት ነበር። ሁለት ችግር አመጣብን።

አንደኛ፣ ልጆቹ በቡድን ተከፍለው ስለ ቀይ ቀበሮ የተጻፈ ሁሉ ይሰብስቡ ተባለ። በእንግሊዝኛ የተጻፉት ጽሑፎች ይህን እንስሳ እንደ ዘመናቸው በተለያየ ስም ይጠሩታል፦ አንዱ የስሜን ፎክስ፣ ሌላው የስሜን ጃካል፣ የቅርብ ጊዜዎቹ ደግሞ የኢትዮጵያ ዎልፍ። ከቡድኖቹ አንዱ እነዚህን ሦስት ስሞች እንደ ሦስት እንስሳት ቆጥሮ በሦስት ረድፍ ጻፋቸው። አንዱ እንስሳ ሦስት ሆነ። አንድ ቡድን ደግሞ ሥዕላቸውን ለየብቻ ፈልጎ አገኘላቸው፤ ሥዕሎቹ በተለያየ ብርሃንና ወቅት የተነሡ ስለሆኑ ልጆቹ ልዩነት ያዩ መሰላቸው።

ሁለተኛ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቅንነት «ዓለም ዎልፍ ካለው እኛም የኢትዮጵያ ተኩላ እንበለው» ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለጥቂት ቀናት በዚያ ሄድን። ችግሩ አማርኛው ተኩላ ባዶ ቃል አለመሆኑ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የበግ ጠላት ሆኖ የምናውቀው ተኩላ አለ። የዱር እንስሳት ሠራተኞች ደግሞ ተኩላ የሚሉት በቆላ በመንጋ የሚያድነውን፣ ክብ ጆሮ ያለውን፣ ሰውነቱ በጥቁር፣ በቢጫና በነጭ የተዥጎረጎረውን እንስሳ ነው። እሱም በሠንጠረዡ ላይ የራሱ ረድፍ ነበረው። «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚለውን ያዩ ልጆች ያንን የቆላ እንስሳ ነው ብለው ገመቱ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎምም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንደ መተርጎሙ ያው ዓይነት ስህተት ወለደ።

ስለዚህ ቀይ ቀበሮ የሚለውን ስም መለስነው። ይህን ውሳኔ ዛሬም አምንበታለሁ። ሕዝብ ለእንስሳ የሰጠው ስም የዘር ሐረግ ማስረጃ እንዲሆን አልተሰጠም፤ ስለዚህ «ተሳስቷል» ተብሎ የሚታረም አይደለም። ሊታረም የሚገባው ያንን ስም የዘር ሐረግ ማስረጃ አድርጎ የወሰደው ሠንጠረዥ ነው።

ከእንስሳው መነሣት

የሠራው መንገድ ከስም ወደ ስም መሄዱን ትቶ በእንስሳው በራሱ በኩል ማለፍ ነው።

ልጁ አያቱ ጋር ስልክ ደወለልን፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁላችንም እንድንሰማ። «አባባ፣ ቀይ ቀበሮ ምን ዓይነት ነው? ለመምህሬ ንገርልኝ» አለ። ሽማግሌው በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ እንደሚሉት ነገሩን፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። በግጦሽ ላይ ካሉ ፈረሶችና ከብቶች መካከል ገብቶ ሲሄድ ስለሚታይ ነው አሉ። መልኩን፣ የሚውልበትን ሜዳ፣ የሚበላውን ፍልፈል፣ ብቻውን ማደኑን፣ ማታና ጠዋት ግን ከቤተሰቡ ጋር መሰብሰቡን ነገሩን። የጭራውን ጫፍ ጠየቅናቸው። «ጥቁር ነው» አሉ፤ ሳያመነቱ።

ከዚያ እነዚህን ምልክቶች ይዘን የሥነ እንስሳት ጽሑፍ ውስጥ በ3000 ሜትርና ከዚያ በላይ ባሉ የኢትዮጵያ ደጋዎች የሚኖር፣ ቀይ ጸጉር፣ ነጭ ጉሮሮ፣ ጥቁር የጭራ ጫፍ፣ ረጅም እግርና ቀጭን አፍ ያለው የውሻ አስተኔ እንስሳ ፈለግን። አንድ ብቻ ነው ያለው፦ ካኒስ ሲመንሲስ። ልጆቹ ስሙን ጮክ ብለው ሲያነቡት አንዷ «ስሜን!» አለች። ልክ ነበረች። ሲመንሲስ ማለት «የስሜኑ» ማለት ነው። የፍራንክፈርቱ አሳሽ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ ስሜን ተራሮች ወጥቶ ካያቸው እንስሳት አንዱ ይህ ነበር። የሰበሰባቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት በሚገኘው የሴንከንበርግ ሙዚየም ገብተዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ድምፅ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ሳይንሳዊ ስሞችን በእንግሊዝኛ አነባበብ ሳይመንሲስ እያልን እናነባለን። ሲመንሲስ ብለን ስናነብ ግን ስሜን ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ለኢትዮጵያዊ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዋልያ ያለ ቅንፍ፣ ጭላዳ በቅንፍ

ሳይንሳዊ ስም ሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው የወገኑ፣ ሁለተኛው የዝርያው መለያ። ይህን ሥርዓት ለእንስሳት ያጸናው ስዊድናዊው ሊኔየስ ነው፤ የ1758 መጽሐፉ የእንስሳት ስያሜ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠ ስም አይቆጠርም። ደንቡን የሚጠብቀው በ1895 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ኮሚሽን ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የወገኑ ስም በትልቅ ፊደል፣ የዝርያው በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ ሁለቱም ዘመም ባለ ጽሕፈት ይሆናሉ። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው በሠንጠረዡ ላይ ላቲኑን እንዳለ ትተን ከሥሩ በግዕዝ ፊደል አነባበቡን ጻፍን።

ከሁለቱ ቃላት ቀጥሎ መጀመሪያ የሰየመው ሰው ስምና ዓመት ይገባል። ሠንጠረዡን ስናዘጋጅ ልጆቹ ከየመጽሐፉ ሲገለብጡ አንዳንዱን በቅንፍ፣ አንዳንዱን ያለ ቅንፍ አገኙት። የግድየለሽነት ጉዳይ መስሏቸው ሁሉንም ቅንፍ አጥፍተው ነበር። ቅንፉ ግን ታሪክ ይነግራል፤ ይህን ለማሳየት ከአገራችን የተሻለ ምሳሌ ያለው አገር መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ዋልያንና ጭላዳን ሩፔል ነው በ1835 የሰየማቸው። ለሁለቱም የሕዝቡን ስም ወስዶ በላቲን መልክ ጻፈው። ዋልያን ካፕራ ዋሊዬ አለው፤ ካፕራ የፍየል ወገን ነው። ዋልያ እስካሁን ካፕራ ውስጥ ስላለ ሩፔል 1835 ያለ ቅንፍ ይጻፋል። ጭላዳን ግን ማካከስ ከሚባለው የዝንጀሮ ወገን ውስጥ አስገብቶ ማካከስ ጌላዳ አለው። ኋላ ጭላዳ ለብቻው የቆመ ወገን መሆኑ ታውቆ ቴሮፒቴከስ ወደሚባለው ተዛወረ። ዛሬ ቴሮፒቴከስ ጌላዳ፣ ከዚያም ሩፔል 1835 በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ቅንፉ «ይህ ሰው ሰይሞታል፤ ግን ሲሰይመው በሌላ ወገን ውስጥ ነበር» ማለት ነው። ጌላዳ የሚለው መለያ ግን ከእንስሳው ጋር አብሮ ተሻግሯል።

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል፤ ዋልያ የሚለው ቃል በዓለም ሙዚየሞችና መጻሕፍት ሁሉ የእንስሳው ሕጋዊ ስም አካል መሆኑን ግን ከአርባ ልጆች አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ሲሰሙ የነበረው ዝምታ አይረሳኝም። ሳይንሳዊ ስም ከሌላ አገር የመጣ ባዕድ ቋንቋ ነው ብለው ያስቡ ነበርና።

ተኩላውም የራሱን ትምህርት ሰጠን። የሆላንዱ የእንስሳት አጥኚ ቴሚንክ በ1820 ይህን የቆላ እንስሳ ጅብ መስሎት ሃያና ፒክታ ብሎ ሰየመው፤ የተቀባችው፣ የተሣለችው ጅብ እንደ ማለት። ኋላ ወደ ላይካኦን ወገን ሲዛወር ስሙ ላይካኦን ፒክተስ ሆነ። ፒክታ ለምን ፒክተስ ሆነ? ሃያና በላቲን አንስታይ ነው፤ ላይካኦን ተባዕታይ ነው፤ ቅጽሉም መስማማት አለበት። ግዕዝ የሚማሩ ሁለት ልጆች ወዲያው ገባቸው፦ ቅዱስና ቅድስት እንደ ማለት ነው አሉ።

ቀይ ቀበሮም ቢሆን በአንድ ቦታ አልቆየም። እንግሊዛዊው የእንስሳት አጥኚ ግሬይ በ1868 ብቻውን የሚቆምበት ሲሜንያ የሚባል ወገን አወጣለት። ኋላ ግን ወደ ካኒስ ተመለሰ፤ በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናትም ከግራጫ ተኩላና ከካዮቲ ጋር ያለውን ዝምድና አጠናከረው። ሩፔል ከመነሻው ካኒስ ብሎት ስለነበር ስሙ ሲመለስ ቅንፉ ጠፋ። ዓመቱን በተመለከተ አንዳንድ መጽሐፍ 1835፣ አብዛኞቹ ዘመናዊ ዝርዝሮች ደግሞ 1840 ይላሉ። የሩፔል መጽሐፍ ከ1835 እስከ 1840 በየክፍሉ ስለታተመ ነው። እኛ 1840 ጻፍን።

ያልተዘጋጀሁበት ጥያቄ

በሠንጠረዡ ላይ ሌላም ቀበሮ ነበር፤ ተራው፣ በየመንደሩ ዳር ሌሊት የሚጮኸው። አንድ አሮጌ መጽሐፍ ተከትለን ካኒስ ኦሪየስ ብለነው ነበር። ሁሉንም ረድፍ እንደ ገና ስንመረምር አዳዲሶቹ ዝርዝሮች ካኒስ ሉፓስተር ይሉታል። ኦሪየስ የሊኔየስ የ1758 ስም ነው፤ ዛሬ ለእስያና ለአውሮፓው እንስሳ ብቻ ነው የሚያገለግለው። በ2011 የወጣ የዘረመል ጥናት በኢትዮጵያ ደጋዎች ጭምር የሚኖረው ይህ እንስሳ ለግራጫ ተኩላ እንደሚቀርብ አሳየ። በ2015 ሌላ ጥናት ከእስያው የተለየ ዝርያ መሆኑን አጠናክሮ ካኒስ አንተስ የሚለውን የ1820 ስም አቀረበለት። በደንቡ መሠረት ቀድሞ የተሰጠው ስም ይጸናልና አንተስ መጽናት ነበረበት። ሆኖም ስሙ መጀመሪያ የተሰጠው ናሙና የዚህ እንስሳ ስለመሆኑ ጥርጣሬ ተነሣ። በ2019 የመስኩ ባለሙያዎች ተወያይተው ሉፓስተር የሚለውን መከሩ።

ይህን ለክፍል ሳቀርብ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ቆሞ «ስሙ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ ከአማርኛው በምን ይሻላል? አማርኛው ቢያንስ ቀበሮ ብሎ ጸንቷል» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ደካማ ነበር። ሳይንስ ያድጋል፣ ይሻሻላል አልኩ። ልጁ አልረካም። እኔም አልረካሁም።

በሚቀጥለው ሳምንት የተሻለውን ይዤ ተመለስኩ። እያንዳንዱ ሳይንሳዊ ስም በአንድ ሙዚየም ካለ ወይም ከነበረ ናሙና ጋር የታሰረ ነው። ስሙ ሲለወጥ የሚለወጠው ስለ ዝምድናው ያለን ሐሳብ ነው፤ ለምን እንደተለወጠ፣ ማን እንደለወጠው፣ የቀድሞው ስም ምን እንደነበር ተጽፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ካኒስ ኦሪየስ የሚል የ50 ዓመት መጽሐፍ ያገኘ ሰው ዛሬ ሉፓስተር ከምንለው ጋር ማገናኘት ይችላል። በአማርኛው ግን አንድ ሰው «ቀበሮ አየሁ» ብሎ ቢጽፍ ከአምሳ ዓመት በኋላ የትኛውን እንዳየ የሚነግረን የለም። አማርኛው የጸናው ብዙ ስለሚይዝ ነው። ልጁ ይህን ካሰበ በኋላ «እሺ፣ ግን ሁለቱም ይጻፉ» አለ። ሁለቱም ተጻፉ።

ምን ተለወጠ

አዲሱ ሠንጠረዥ ከመታተሙ በፊት ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ወረቀት አዘጋጀን። በወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ የሚጻፈው ሰው ያየው ምልክት ነው፦ መጠን፣ ቀለም፣ ጭራ፣ የሚኖርበት ከፍታ፣ የሚበላው። ቀጥሎ የአማርኛ ስም፣ ከተገኘ የሌላ አካባቢ ስም። ከዚያ ሳይንሳዊ ስም ከሰያሚውና ከዓመቱ ጋር፣ ቅንፉ እንዳለ። ሥዕል የሚመረጠው በመጨረሻ ነው፤ በሳይንሳዊው ስም እንጂ በአማርኛው ወይም በእንግሊዝኛው አይፈለግም። ሥዕሉም ከመጀመሪያው የምልክት ዝርዝር ጋር ይነጻጸራል። ይህ የመጨረሻው ማነጻጸር ሌሎች ሁለት ስህተቶችን አስወጣልን።

አንዱ ነገር አልሠራም። የምደባ እርከኖቹን ሰባቱንም ለ24ቱ እንስሳት ሁሉ ለመጻፍ ሞክረን ነበር። ልጆቹ ሰለቻቸው፤ ሠንጠረዡም የሚነበብ አልሆነም። አስተኔና ወገን ብቻ አስቀረን። ለዓላማችን ይበቃል። ሰባቱ እርከኖች ለአንድ እንስሳ ብቻ፣ ለቀይ ቀበሮ፣ በጎን ተጽፈዋል።

ገንዘቡም ቀላል አልነበረም። ሁለተኛ ኅትመት ማለት ወላጆችን ሁለተኛ መጠየቅ ማለት ነው። ምክንያቱን በስብሰባ ላይ ሳስረዳ አንዳንዶቹ «ለአንድ ቀበሮ?» አሉ። አሮጌውንና አዲሱን ሥዕል ጎን ለጎን አሳየናቸው፤ አንዱ ሥጋት እንደሌለበት፣ ሌላው ከ500 በታች እንደቀረ፣ ከቀሩትም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ እንደሚኖሩ፣ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በየጊዜው እንደሚፈጃቸው ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

ለሌላ ሥራ የሚወሰደው

ይህ የእኛ ትምህርት ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የሙዚየም መግለጫ የሚጽፍ፣ የመማሪያ መጽሐፍ የሚተረጉም፣ የቱሪስት በራሪ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሁሉ ያንን ድልድይ ይሻገራል። የሕዝብ ስምን በትርጉም ወደ ሳይንሳዊ ስም መውሰድ አይቻልም፤ መሻገሪያው እንስሳው ራሱና የሚኖርበት ቦታ ነው። አንድ ጽሑፍ በውስጡ መስማማቱ ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም፤ የእኛ ሠንጠረዥ ፍጹም ይስማማ ነበር። ስለዚህ ምርመራው ከጽሑፉ ውጪ ያለ ምስክር ያስፈልገዋል፤ ለእኛ ያ ምስክር ክረምቱን ዲንሾ የሚያሳልፍ አንድ ልጅና አያቱ ነበሩ። የሰያሚውን ስም፣ ዓመቱንና ቅንፉን እንደ ጌጥ ቆጥሮ ማጥፋትም መረጃ ማጥፋት ነው።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚከብደው የአካባቢውን ስም መጠበቅ ነው። ዘመናዊ ለመሆን ስንል «የኢትዮጵያ ተኩላ» ብለን ብንቀጥል ኖሮ ከገበሬው ጋር የምንግባባበትን ቃል አጥተን ከእንግሊዝኛው ጋር እንኳ ባልተስማማን ነበር። ቀይ ቀበሮን ከመጥፋት የሚያተርፈው ሰው ከቀይ ቀበሮ ጋር የሚኖረው ነው፤ እሱ የሚያውቀው ስም በወረቀታችን ላይ መኖር አለበት።

የቀረው ረድፍ

አዲሱ ሠንጠረዥ ከተሰቀለ በኋላ ክበቡ ቀጣይ ሥራ ያዘ፦ ለእያንዳንዱ ሥጋ በል የሚበላውን መጻፍ። ለቀይ ቀበሮ «ፍልፈል» ተባለ። ስሙን የጻፈችው ያችው የመጀመሪያውን ስህተት የሠራችው ተማሪ ናት፤ አሁን ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች። ሥዕል ከመፈለጓ በፊት ወረቀቱን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ የትኛው ፍልፈል?» አለችኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ፍልፈል የሚባሉ ቢያንስ ሁለት ዝርያዎች በታኪዮሪክቴስ ወገን ውስጥ አሉ፤ አንዱ ሩፔል በ1835 የሰየመው፣ ሰፊ አካባቢ የሚኖረው ስፕሌንደንስ ነው፤ ሌላው በ1842 የሰየመው፣ ከባሌ በስተቀር የትም የማይገኘው ግዙፉ ማክሮሴፋለስ፣ ባለ ትልቅ ራሱ። የሁለቱም ሰያሚና ዓመት በቅንፍ ውስጥ ነው፤ ሩፔል ሲሰይማቸው በሌላ ወገን ውስጥ ነበሩና። በባሌ ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚያድነው ግዙፉን ነው።

ሁለተኛውን ረድፍ ገና አልሞላችውም። የስምንተኛ ክፍሉ ልጅ በዚህ ክረምት ወደ አያቱ ሲሄድ የጭንቅላቱን መጠንና ቀለሙን ጠይቆ እንዲያመጣላት አደራ ብላዋለች።